ስለት፣ ፈቃድና ያልተሰጠ ልመና፦ ስለ እምነት ጸሎት ከቃሊቲ መንገድ የተነሣ ምልከታ

ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ የሚወርዱ የአዲስ አበባ ምእመናን በነባሩ መንገድ ከተጓዙ ቃሊቲንና አቃቂን አቋርጠው ወደ ዱከም፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ያልፋሉ። ስሙ ከፋብሪካ፣ ከጉምሩክና ከከባድ መኪና ጋር የሚነሣው አቃቂ ቃሊቲ በእነዚያ ቀናት የስለተኞች መውጫ በር ይሆናል። በእምነት መጸለይ ማለት የለመኑት ነገር እንደሚሰጥ እርግጠኛ መሆን ነውን? ብዙ ሰባኪዎች ነው ይላሉ። እኔ አይደለም ባይ ነኝ።

ስለት ከሩቅ ለሚያየው ውል ይመስላል፤ ይህን ብታደርግልኝ ይህን አገባለሁ እንደ ማለት። ሥርዓቱን ቀረብ ብሎ ላጤነው ግን ስለት አስቀድሞ የተነገረ ምስጋና ነው። ተሳዩ ጃንጥላውን፣ ጧፉን ወይም ገንዘቡን በሕዝብ ፊት ሲያገባ፣ ያገኘው ነገር በጉልበቱ የመጣ አለመሆኑን ይመሰክራል። የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፤ አሠራሩም ከስለት ጋር ተያይዞ ይተረካል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስለቱ ያልደረሰለትም ሰው በዓመቱ ተመልሶ መሄዱ ነው። ውል ቢሆን ኖሮ ይቀር ነበር።

ስለት እንደ ዋጋ ሲቆጠር ጉዳቱ ከባድ ነው። ልጇ ያልዳነላት እናት በሐዘኗ ላይ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» የሚል ፍርድ ይጨመርባታል። ይህ ጭካኔ ነው፤ የመጽሐፍ ድጋፍም የለውም። ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፤ ፈቃዱንም ለአባቱ ሰጠ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መጽኛ ጸጋ ነበር። የሁለቱን እምነት ጎደሎ የሚል ክርስቲያን የለም።

ታዲያ የለመኑት መሰጠቱ ምልክት ካልሆነ የእግዚአብሔር ምሪት በምን ይታወቃል? ፍትሐ ነገሥት ለምእመናን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ይደነግጋል፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በአቃቂ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው መንፈቀ ሌሊት የሚደርሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ነው፤ ሠለስትም ከሥራ ወጥቶ በተኛበት ያልፋል። ሥርዓቱን እንደ ኑሮው የሚያስማማለት የነፍስ አባቱ ነው። የምሪት ትምህርት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው በየሰዓቱ በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም ቀስ በቀስ የሚለምነው ነገር ራሱ ይለወጣል፤ ምኞቱን ከእግዚአብሔር ፈቃድ መለየትም ይለምዳል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የሽማግሌዎች ምክርና የጋራ ጸሎት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። «እግዚአብሔር ነገረኝ» ብሎ ትዳር የሚያፈርስ ወይም ሥራ የሚያስለቅቅ የዘመናችን ትንቢት ግን ማንም እንዳይመክር አፍ ያዘጋል። ያልተመከረበትን ድምፅ ምሪት ብሎ መቀበል አደገኛ ነው።

ከቅርብ ታሪካችን የሚጠቀሰው ምስክር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረው ከተፈቱ በኋላ፣ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። ጉዲና መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳለፉ። የተከፈተ በር ሁሉ የእግዚአብሔር ምሪት ነው ብለን ብናስተምር፣ ጉዲና ምሪት ስተዋል ልንል ነው። እንዲህ የሚል ግን አይገኝም፤ ጥሪያቸውን ያወቁት በሩ ከመከፈቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በእረኝነት ሥራቸው ውስጥ ነበርና።

ስለዚህ ለሰባኪዎችና ለነፍስ አባቶች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በየዓመቱ ስለታቸው ስለሰመረላቸው ሰዎች ምስክርነት ስታሰሙ፣ ልመናቸው ሳይሰጣቸው በጸሎት የጸኑትንም ወደ መድረኩ አቅርቧቸው፤ የእነርሱም እምነት ምስክርነት ነው።