የአሰበ ተፈሪው ሐኪም ዘመንና የአራስ ልጅ ደም

ከመቅደላ ጦርነት (1868 እ.ኤ.አ.) በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በህንድ ያደጉትና በላሆር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መቀመጫዋን አሰበ ተፈሪ ያደረገችውን የጨርጨርን አውራጃ አስተዳድረዋል። በዘመኑ የሠለጠነ ሐኪም እንኳ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእትብቱ ወይም ከአንጀቱ ደም ለሚፈስሰው ጨቅላ የሚሰጠው ፍቱን መድኃኒት አልነበረውም። ቻርልስ ታውንሴንድ የተባለ የቦስተን ሐኪም ይህን ሕመም በ1894 ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ቢገልጽም መንስኤው ገና አልታወቀም ነበር።

መልሱ የተገኘው ከጫጩቶች ነው። ሄንሪክ ዳም በኮፐንሃገን ስብ የሌለበት መኖ የተመገቡ ጫጩቶች እንደሚደሙና ደማቸውም ቶሎ እንደማይረጋ ተመለከተ። በ1935 የጎደለውን ንጥረ ነገር፣ መርጋት ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል፣ ቫይታሚን ኬ ብሎ ሰየመው። ለዚህም ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተጋራ። በ1961 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለማንኛውም አራስ እንዲሰጥ መከረ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫይታሚኑ በእንግዴ ልጅ በኩል በጥቂቱ ብቻ ያልፋል፤ በእናት ጡት ወተትም መጠኑ አነስተኛ ነው፤ የአራሱ አንጀትም ቫይታሚኑን የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ገና አላፈራም። ያለጊዜው የተወለደው ደግሞ ጉበቱ ያልበሰለ፣ ምግቡ የሚዘገይ፣ ብዙ ጊዜም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወስድ በመሆኑ ይበልጥ ይጋለጣል። ይህ ጡት ማጥባትን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መርፌውን ግን ግዴታ ያደርገዋል። ለጊዜው ለደረሰ አራስ 1 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ ይሰጣል፤ ክብደቱ በጣም ዝቅተኛ ለሆነው መጠኑ ይቀነሳል።

ዕውቀቱ ከተገኘ ዘመናት ቢቆጠሩም መርፌው የሚደርሰው በአመዛኙ በጤና ተቋም ለተወለደው ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በተቋም የተደረገ ወሊድ በ2016 (እ.ኤ.አ.) 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ነበር። ከአሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ርቀው በሚገኙ የምዕራብ ሐረርጌ ቀበሌዎች በቤቷ የምትገላገል እናት ልጇን ያለ መርፌው ታሳድጋለች። በዘገየው ዓይነት ሕመም፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ጤነኛ መስሎ የሰነበተው ልጅ በድንገት በጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ከዚያ በፊት የአፍንጫ ነስር፣ ከእትብት የሚወጣ ደም ወይም ያለ ምክንያት የታየ የቆዳ መበለዝ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ምልክት የታየበት ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት።

በመሆኑም በሂርና፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶ ወይም በሌላ ጣቢያ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ በቤት የተወለደ ጨቅላ ለመጀመሪያ ክትባት ሲመጣ ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ የቫይታሚን ኬ መርፌ ወስዷልን? ካልወሰደ ዛሬውኑ ይሰጠው። ሐኪም ወርቅነህ በዘመናቸው ያላገኙት መድኃኒት በእኛ መደርደሪያ ላይ አለ።