የጎንደር ጦርነት በጠረጴዛ ላይ፤ ስለ ፀረ አይሮፕላን መኪናዎች ሞዴል አጭር ጥናት

ልጆች ከሽቦ፥ ከቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና ሠርተው ሲነዱ በጎንደር ያላየ የለም። በውጭ አገር ደግሞ ይህ ሥራ የአዋቂዎች ሆኖ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ ታንኮችና ፀረ አይሮፕላን መድፍ የተጫነባቸው መኪናዎች በትንሹ ተሠርተው በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። ነገሩ ተራ ቧልት አይደለም፤ የፕሩስያ መኮንኖች ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካርታ ላይ ጦርነት እየተጫወቱ ይሠለጥኑ ነበር፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 እ.ኤ.አ. የአሻንጉሊት ወታደሮችን የውጊያ ደንብ በመጽሐፍ አውጥቷል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው፥ የ1934 ዓ.ም. የጎንደር ጦርነት በዚሁ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ቢሰለፍ ምን ይታያል፥ ምንስ ይጎድላል የሚለውን ነው።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ከተያዘ በኋላ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ መሽጎ ቀረ። በሰሜን የወልከፊት በር፥ በደብረ ታቦር መንገድ ደግሞ የቁልቋል በር ምሽግ ከተማይቱን ይጠብቁ ነበር። ወልከፊት በመስከረም 1934፥ ቁልቋል በር ኅዳር 12፥ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ አስቀድሞ፥ ጥቅምት 14 ቀን፥ ፊያት ሲ.አር. 42 የተባለ የኢጣልያ ተዋጊ አይሮፕላን በደቡብ አፍሪካ አይሮፕላን ተመትቶ ወድቆ ነበር፤ ሰማዩም ከሞላ ጎደል የከበቡት ወገኖች ሆነ።

በመጀመሪያ ስለ መድፉ እንናገር። ብሬዳ የተባለው የኢጣልያ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ በአይሮፕላንም በምድር ጦርም ላይ ይተኩስ ነበር፤ ጥይቱም 12፥ 12 ሆኖ ይጎርሳል። በሊቢያ በረሃ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ተዋግቷል። ሞዴል ሠሪ ግን የሊቢያውን መኪና አንሥቶ ጎንደር ላይ ቢያቆመው ታሪክን አልጻፈም፤ የአንዱን ግንባር ልብስ ለሌላው አለበሰ እንጂ። በጎንደር የታወቀው የጭነት መኪናዎችን በብረት ገበታ መሸፈን ነው። ስለዚህ ሞዴልም እንደ ጽሑፍ ሁሉ ማስረጃ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። በ1/72 ልክ 7 ሜትር የሚረዝም መኪና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ በመዳፍ ይያዛል። ነገር ግን የሊማሊሞ ገደል ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳልና በዚያው ልክ ቢሠራ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይኖረዋል። ይህን የሚችል ጠረጴዛ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ገደሉን ትቶ መኪናውን ብቻ ያስቀምጣል። ወልከፊትን ያን ያህል ጊዜ ያስቆየው ግን ከመድፉ ይልቅ ገደሉ ነበር። በደጋው አየሩ ስስ ስለሆነ የመኪናውም የአይሮፕላኑም ሞተር ኃይል ይቀንሳል፤ ይህም በሞዴል አይታይም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉድለት የሰው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አይሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተከዜ ዳር የራስ እምሩ ሠራዊት የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደበት። ከዚያም በኋላ በአርማጭሆ እነ ውብነህ ተሰማ፥ «አሞራው» የተባሉት አርበኛ፥ ሲዋጉ ፀረ አይሮፕላን መኪና አልነበራቸውም፤ መከላከያቸው ዋሻው፥ ጫካውና ሌሊቱ ነበር። ለዋሻና ለሌሊት ሞዴል የሚሠራ ማን ነው? በ1933 እና በ1934 ከሰማይ የወረደው ቦምብም ጠላትን ብቻ አልመታም፤ የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ጎድቶታል።

እንግዲህ ሞዴሉን አንንቅም፤ አንድ ብሎን የት እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው ለታሪክ ጥሩ ተማሪ ነውና። ነገር ግን ከመኪናው አጠገብ ገደሉን፥ ከገደሉም ሥር ዋሻ ውስጥ የነበረውን ሰው ይጠይቅ። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆቻቸው ግን በደባርቅም በአዘዞም አሉ። የታሪክ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ደብተራቸውን ይዘው ወደ እነርሱ ቢሄዱ፥ በጠረጴዛው ላይ የጎደለው ስፍራ ሊሞላ ይችላል ብለን እናምናለን።