1780 የሚለው ጠገራ ብር

የአያቶቹን ጠገራ ብር በሣጥን ያኖረ ቤት ወልድያም፣ መርሳም፣ ሀብሩ ገጠርም አይጠፋም። ፊቱ ላይ 1780 ስለሚል «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ብርቅ ነው፤ ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ይከተለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለንግድ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የወጣው። ዓፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ቢያስመቱም ባላገሩ ማርትሬዛን አልለቅ አለ። ይህን ያወቀው የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ፣ ለወረራው መክፈያ እንዲሆን ሮም ላይ አስመታው። ብዙም ሳይቆይ ለንደንና ቦምቤይም መቱት። የአያታችሁ ድሪ ላይ የተንጠለጠለው ብር የወራሪው ገንዘብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው!

ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። የማይዋሸው ሚዛኑ ነው፦ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ሻጭ ከዚህ ማዕድን ዋጋ በታች አይስጥ፤ ገዢም ለ1780 ብሎ ትርፍ አይክፈል። የምኒልክ ምስል ያለበትን ካገኛችሁ ግን ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱን ነውና አንጥረኛ ሳያቀልጠው አስመርምሩት።