የብርጭቆ ውበትና የእርሳስ ዕዳ

በዛሬው ንግግራችን በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ለክብር እንግዳ ተብሎ የሚቀመጠውን፥ ክሪስታል የተባለውን ብርጭቆ ታሪክ ባጭሩ እንገልጽላችኋለን። ነገሩ የጌጥ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነውና በማስተዋል ተከታተሉት።

በ17ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ እጅግ የተመሰገነው ብርጭቆ የቬኒስ ሥራ ነበር። እንግሊዞችም በብዙ ገንዘብ ያስመጡት ነበር። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ ነጋዴ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1673 ዓ.ም. በለንደን የብርጭቆ መሥሪያ አቋቋመ፤ በ1674 ዓ.ም. ደግሞ የሰባት ዓመት የብቻ መብት ተሰጠው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ጥቂት እንደ ቆዩ በጥቃቅን ስንጥቅ እየተሞሉ ይደበዝዙ ነበር። ይህን ጉድለት ያስወገደለት ከሌሎቹ ቅመሞች ጋራ የቀላቀለው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም፤ ለጥይት የሚቀልጠውን ከባዱን ማዕድን ነው።

ከዚህም የተነሣ ብርጭቆው ከባድ፥ ለመቅረጽ የተመቸ፥ ብርሃንን እንደ ዕንቍ የሚበትን፥ ሲነኩትም እንደ ቃጭል የሚያስተጋባ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአውሮፓ ገበያ ማኅበር ደንብም የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ ከመቶ 24 እጅ የእርሳስ ኦክሳይድ እንዲኖርበት ወስኗል።

ላዩ ይህን ያህል ያማረ ነው፤ ውስጡን ግን ለቄስ። ወይን ወይም የሎሚ ጭማቂ በዚህ ዕቃ ሲቆይ፥ ኮምጣጣነቱ እርሳሱን ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ይወስደዋል። በ1991 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፥ በአንድ ሊትር 89 ማይክሮግራም እርሳስ የነበረበት ወይን በክሪስታል ጠርሙስ አራት ወር ሲቆይ ከ3,500 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል መጠን አለመታወቁን ይገልጻል።

እርሳስ ያለበት ብርጭቆ በገበታ ዕቃ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በቀድሞዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች ውስጥም ጎጂውን ጨረር እንዲከለክል ተብሎ ገብቷል። ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ሲጣልና ቱቦው ሲሰባበር፥ እርሳሱ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ክሪስታሉን ለጌጥ አስቀምጠው፤ መጠጥ ግን አታሳድርበት፤ ለሕፃን መጠጫም ከቶ አታድርገው። አሮጌውንም ቴሌቪዥን ከደጅህ አትስበረው። ሬቨንስክሮፍት ብርጭቆው እንዳይሰነጠቅ መድኃኒት አገኘ፤ የመድኃኒቱን ዕዳ መጠበቅ ግን ለእኛ ቀርቷል።