ፖርሰሊን ወይስ ሲኒ?

ሰሞኑን የዕቃ ማስታወቂያው ሁሉ «ፖርሰሊን» ሆኗል፤ የወለል ንጣፉም፣ የመታጠቢያ ገንዳውም፣ ሰሃኑም። ነጭ ሆኖ ካብረቀረቀ ማን ይጠይቃል! ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የዛጎል ስም ነበር፤ ከቻይና የመጣው ዕቃ ገጹ እንደ ዛጎል ቢያበራ ስሙን ወረሰ። እኛ ደግሞ «ሲኒ»ን ያገኘነው ከዐረብኛ ነው፤ ፍቺውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። እንግዲህ «የቻይና ሲኒ» የሚል ሰው አገሩን ሁለቴ ጠራ። በእኛ አፍ ግን ቃሉ ጭቃውን ትቶ ቅርጹን ያዘ፤ ዛሬ የፕላስቲክ ሲኒ ብንል ማንም አይስቅም።

ጭቃው ግን ስም ያስፈልገዋል። ካኦሊን የተባለው ነጭ አፈር ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ጋር ተዋሕዶ እስከ 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲተኮስ፣ ስስ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። የእኛ ጀበና ይህን አያደርግም። በጀርመን የኒምፈንቡርግ የፖርሰሊን ማምረቻ ቤት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1747 የተጀመረውን ሙያ ዛሬም በእጃቸው ይሠራሉ። ሆላንዳዊቷ ዲዛይነር ሄላ ዮንገሪየስ ከዚሁ ቤት የቆዩ ቅርጾች እንስሳትን መርጣ በጎድጓዳ ሰሃን ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ተመጋቢው ከእንስሳው ጋር ይፋጠጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ «ተጫዋች ዲዛይን» ሲሉት ሰሃኑ ኳስ የሚመታ ይመስለኛል፤ «ጨዋታ ያለው» ይበቃል። ፖርሰሊንን ለወለል ነጋዴው ተዉለትና የገበታውን ዕቃ «የሲኒ ሸክላ» በሉልኝ።