የጉበት ዘረመልና የረሃብ ታሪክ

በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ደብሪሶኩዊን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ለሙከራ ራሱ ዋጠ። ግፊቱ ክፉኛ ወርዶ መቆም አቃተው፤ ያንኑ መጠን የወሰዱት ባልደረቦቹ ግን ደህና ነበሩ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ እነ ሚሼል አይክልባውም ስፓርቲን በሚባል መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ልዩነት አገኙ። መንስኤው ኋላ ላይ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ዘረመል መሆኑ ታወቀ። ጉበት ብዙ መድኃኒቶችንና አልካሎይድ የሚባሉትን የዕፅዋት መርዞች የሚያፈራርስበትን ኢንዛይም የሚያስገኘው እሱ ነው።

በ1996 እነ ዶክተር እሌኒ አክሊሉ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ዘረመል ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ፤ በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለዚህም አንድ መላ ምት ቀረበ፦ በረሃብ ዘመን መራራ ዕፅዋት ለመብላት ከተገደዱት መካከል ትርፍ ቅጂ ያላቸው ተረፉ የሚል። መላ ምቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሌሎች ብዙ የጉበት ኢንዛይሞች መርዝ ሲበዛ ምርታቸው ይጨምራል፤ የዚህኛው ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ አቅም የሚያድገው ቅጂ ሲበዛ ነው። እነ አይክልባውም የሞከሩት ስፓርቲን ራሱ በግብጦ ወገኖች ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ረሃብን ብቻ መጥራት ችኮላ ይመስለኛል። በ1888 የጀመረው፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ እጅግ ቅርብ ነው፤ በጥቂት ትውልድ ይህን ያህል ለውጥ አይመጣም። የጎጃም ገበሬም ግብጦን ቆልቶ፣ ለቀናት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ምሬቱን አውጥቶ ነው የሚበላው፤ መርዙን የማርከሱን ሥራ ከጉበት በፊት ወጥ ቤቱ ወስዶታል። በችግር ዘመን ብዙዎችን ሽባ ያደረገው ጓያም ለምስክርነት አይጠራም፤ መርዙ አልካሎይድ ሳይሆን አሚኖ አሲድ ነው። «ሳዑዲ ዓረቢያም 20 በመቶ ገደማ ተገኝቷል» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች ለሺህ ዓመታት ሲጋቡ ኖረዋልና ቁጥሩ ሁለተኛ ምስክር ሳይሆን የአንድ ዝርያ ውርስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእኔ የሚያመዝነው፣ የተፈጥሮ ምርጫ ተካሂዶ ከሆነ፣ ከአንድ መቅሠፍት ይልቅ መዘፍዘፍ ከመለመዱ በፊት የነበረ የረጅም ዘመን አመጋገብ ነው፤ የዕድል ድርሻም ገና አልተወገደም።

መነሻው የትም ይሁን ውጤቱ ዛሬም አለ። ይኸው ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል። በአሜሪካም በአውሮፓም የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ለልጃችሁ የሳል ወይም የሕመም መድኃኒት ሲታዘዝ ኮዴይን ይኑርበት አይኑርበት ጠይቁ።