የአሾካ ቃልና የኢዛና መስቀል

በዖማን፣ ማቢላ ውስጥ ኢትዮጵያዊትና ስሪላንካዊት በአንድ ሰፈር ሲሠሩ፣ በአንድ ሱቅ ሲገበያዩ ማየት የተለመደ ነው። አንዷ አንገቷ ላይ ማተብ ታስራለች። ሌላዋ የቡድሃ እምነት ተከታይ ከሆነች፣ መነኩሴ ጸልዮ ያሰረላት ነጭ ክር እጇ ላይ ይታያል። የሁለቱም ሃይማኖት ወደ አገራቸው የገባው በባሕር ነው። ሥር የሰደደው ግን በቤተ መንግሥት በኩል ነው።

የስሪላንካዊቷ ታሪክ ከሕንድ ይነሣል። የማውሪያው ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የካሊንጋን ምድር ወግቶ ያዘ። በ13ኛው የዐለት ዐዋጁ ላይ በዚያ ጦርነት 100,000 ሰው መገደሉን፣ 150,000 መጋዙን አስጽፎ፣ በሠራው ሥራ መጸጸቱን ለሕዝቡ አስታወቀ። የእኛው የአክሱም ንጉሥ ኢዛናም በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ የገደለውንና የማረከውን በቁጥር ዘርዝሯል፤ እሱ ግን የዘረዘረው ድል ለሰጠው የሰማይ ጌታ ምስጋና ሲያቀርብ ነው። የድል አድራጊ ንጉሥ ጸጸት በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ማንበብ ብርቅ ነገር ነው፤ አሾካን ከሌሎች ነገሥታት ለይቼ የማከብረውም ለዚህ ነው።

በዚሁ ዐዋጅ አሾካ የዳርማ፣ ማለትም የጽድቅ ሥርዓት፣ መልእክቱ የደረሳቸውን አምስት የግሪክ ነገሥታት በስም ይጠራል። ከነሱ አንዱ የግብፁ በጥሊሞስ ነው። ይህ በጥሊሞስ ለጦር የሚሆኑ ዝሆኖችን ለማስያዝ ሰዎቹን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይልክ የነበረው ነው። ወደ ደቡብ ደግሞ፣ የስሪላንካ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ አሾካ የቡድሃን እምነት እንዲሰብክ ልጁን ማሂንዳን ላከ። ንጉሥ ዴቫናምፒያ ቲሳ መልእክተኛውን ተቀብሎ የገዛ አትክልት ቦታውን ለመነኮሳቱ መኖሪያ ሰጠ። ቀጥላ የአሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘበት ከሚባለው ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ በመርከብ መጣች። በአኑራዳፑራ ከተማ ምእመናን ያ ዛፍ ነው ብለው የሚሳለሙት ዛፍ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ቡድሂዝም ወደ እኛም ባሕር ደርሶ ነበር። በሶቆጥራ ደሴት ሆቅ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የሕንድ መርከበኞች በብራህሚ ፊደል ስማቸውን ጽፈዋል፣ የቡድሃ እምነት ምልክት የሆነውን ስቱፓም ሥለዋል። በዚያው ዋሻ የአክሱም ሰዎች የጻፉት ጽሑፍም አለ። በዖማን ዶፋር፣ ሱምሁራም በምትባለው የዕጣን ወደብ፣ ቁፋሮ ከሕንድ የመጣች የነሐስ የሴት ምስል አውጥቷል። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ በበረኒቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የቡድሃ የእብነ በረድ ሐውልት ተገኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የደብረ ዳሞ ገዳም ግኝት ነው። በገመድ በሚወጣበት በዚያ አምባ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ ጣሊያናዊው አጥኚ አንቶኒዮ ሞርዲኒም ጽፎባቸዋል። ኩሻኖች ከዛሬዋ አፍጋኒስታን እስከ ሰሜን ሕንድ የገዙ ናቸው። በሳንቲሞቹ ላይ ካሉት ነገሥታት አንዱ ካኒሽካ ሲሆን፣ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከአሾካ ቀጥሎ የሚያመሰግኑት ደጋፊያቸው ነው። ወርቁ በሰሜን ያለው ተራራችን ላይ ከወጣ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ስለዚያ እምነት ምንም አልሰሙም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ታዲያ ቡድሂዝም በእኛ ዘንድ ለምን አልበቀለም? የኔ መልስ፣ ነጋዴ አመጣው እንጂ የሚቀበለው ንጉሥ አላገኘም የሚል ነው። ክርስትናም እኮ መጀመሪያ አክሱም የደረሰው በነጋዴዎች በኩል ነው። ወደ ቤተ መንግሥት የገባው ግን ከጢሮስ የመጡት ወጣቶች ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በቀይ ባሕር ዳር ተማርከው ንጉሡን ባገለገሉ ጊዜ ነው። ፍሬምናጦስ ልዑሉን አሳደገ፣ ለነጋዴዎቹ መጸለያ ቦታ አስገኘ፣ እስክንድርያ ሄዶም ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ኢዛና ጨረቃና ክቡን ከሳንቲሙ አንሥቶ መስቀል አኖረበት።

እዚህ ላይ ካኒሽካንና ኢዛናን ማነጻጸር ይጠቅማል። ካኒሽካ በአንዳንድ ሳንቲሞቹ የቡድሃን ምስል በግሪክ ፊደል ከተጻፈ ስም ጋር አስቀርጿል። በሌሎቹ ላይ ግን የኢራን፣ የግሪክና የሕንድ አማልክት አሉ፤ ለሁሉም እጁን የዘረጋ ንጉሥ ነበር። የኢዛና ሳንቲም ከተለወጠ በኋላ ያለው ምልክት መስቀል ብቻ ነው። በሕንድ የነገሥታቱ ድጋፍ እየሳሳ ሲሄድ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታላላቆቹ ገዳማት በጦርነት ሲወድሙ፣ ቡድሂዝም በተወለደበት አገር ተዳከመ። በአክሱም መንግሥቱ ወደቀ፣ ደብረ ዳሞ ግን አልተዘጋም። ከኢዛና በኋላ ተስዓቱ ቅዱሳን መጥተው እምነቱን ገጠር አውርደውት ነበርና።

ያን ጊዜ በሮም ዙፋን ላይ የነበረው ቆንስጣንጢዮስ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ የአትናቴዎስ ተቃራኒ በሆነው በአርዮሳዊው ጳጳስ ይመርመር አለ። የዓለም ኃያል ንጉሥ ጥያቄ ነበር። አክሱም ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸናች።

ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በኋላ ለሁለት ወንድማማች ገዥዎች የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ወደ ዖማን መጣ። ነቢዩ ሙሐመድ የላኩት ለጁለንዳ ልጆች ለጀይፈርና ለዐብድ ነበር። ተቀባዮቹ የነበሩት በሱሐር ነው፤ ከማቢላ ተነሥቶ በባጢና ዳርቻ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ነው። መልእክተኛው ዐምር ኢብኑል ዓስ ይባላል። ይህ ሰው ገና ሳይሰልም የቁረይሾች ወኪል ሆኖ፣ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስሊሞች ተላልፈው ይሰጡን ብሎ በነጃሺ ፊት የቆመው ነው። ያኔ ነጃሺ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ ዐምር ባዶ እጁን ተመለሰ። በሱሐር ግን ጀይፈርና ዐብድ ተመካክረው የመጣውን እምነት ተቀበሉ።